«ሰነድ የለውም» ተብሎ ስለ ፈረሰ ቤት

ለከተማችን የቆዩ ቤቶች ምዝገባና ጥበቃ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት
ባላችሁበት

ጉዳዩ፦ ተቀብላችሁ ስላልከፈታችኋቸው የቤት ልኬቶች

የተከበራችሁ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፦

የመሥሪያ ቤታችሁን ስም እዚህ አልጻፍነውም። ማኅተማችሁ ያረፈባቸው ደብዳቤዎች በእጃችን ስላሉ እናንተም ማን እንደ ሆናችሁ፣ እኛም ማን እንደ ሆንን አይጠፋችሁም። እኛ ሜትር፣ ቱምቢና የውሃ ልክ ይዘን በአዲስ አበባ ሰፈሮች የምንዞር፣ የቆዩ ቤቶችን የምንለካ የሥነ ሕንፃ መምህራንና ተማሪዎች ነን። የሰፈር ልጆች «ለኪዎቹ መጡ» ይሉናል። ትልልቆቹ ግን ሲያዩን ፊታቸው ይለዋወጣል፤ ቤት የሚለካ ሰው ከመጣ በኋላ ምን እንደሚመጣ ያውቁታልና። ከሥራችን ሁሉ ከባዱ ይህን ፍርሃት ማስወገድ ነበር። «እኛ የምንለካው እንዳይፈርስ ነው» ብለን ምለን ተገዝተን ነው ደጅ የተከፈተልን። ይህን ደብዳቤ ያስጻፈን መሐላችን ውሸት ሆኖ መገኘቱ ነው።

ከአንድ ቤት እንጀምር።

በአራዳ በኩል ያለ ቤት ነበር። ምድር ቤቱ በድንጋይ፣ ፎቁ በእንጨትና በጭቃ የተሠራ፣ ዙሪያውን በረንዳ የታጠቀ፣ ጣሪያው ሾጠጥ ያለ። ከተማዋ ከተቆረቆረችበት ከ1879 ዓ.ም. በኋላ ባሉት ጥቂት ዐሥርት ዓመታት መኳንንቱና ነጋዴው ካሠሯቸው ቤቶች አንዱ ነው። እነዚህን ቤቶች ሕንዶች፣ አርመኖችና ግሪኮች ከእኛው ጠራቢና መራጊ ጋር ሆነው ስለሠሯቸው አንዱን ከሌላው መለየት ያስቸግራል፤ በረንዳው ከሕንድ መጣ ስንል አዳራሹ የአገር ቤት አዳራሽ ሆኖ ይገኛል። ይህን መደባለቅ ከመጽሐፍ መማር አይቻልም። ቤቱ ውስጥ ገብቶ፣ ኮርኒስ ላይ ወጥቶ፣ ወጋግራው ከግድግዳው ጋር እንዴት እንደ ተያያዘ በእጅ ዳስሶ ነው።

ሦስት ሳምንት ለካነው። የደረጃው ሦስተኛ እርከን መሐሉ ጎድጉዶ ነበርና እሱንም ለካነው፤ 18 ሚሊ ሜትር። ከፎቁ ክፍሎች አንዷ ግድግዳዋ ድርብርብ ወረቀት የተለጠፈበት ነበር። አንዲት ተማሪያችን በቢላዋ ጫፍ መዳፍ የምታህል ቦታ ቀስ ብላ ላጠች። ከላይ አረንጓዴ የዘይት ቀለም፣ ከሥሩ የደርግ ዘመን «አዲስ ዘመን» ጋዜጣ፣ ከሥሩ ደግሞ የደበዘዘ አበባ ያለበት የግድግዳ ወረቀት፣ እንደገና ጋዜጣ፣ ከሁሉ በታች በኖራ የተለቀለቀ ጭቃ። ጭዱ ገና ትናንት የተቦካ ይመስል ያብረቀርቃል። ተማሪዋ ቢላዋዋን አስቀምጣ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። እኔም ምንም አላልኳት።

ሥራው 14 ትልልቅ የፕላን ሉሆች ሆነ። ከጽሑፍ መግለጫና ከፎቶግራፎች ጋር በመዝገብ ቤታችሁ በኩል አስገባን፤ ማኅተም ተመታ፣ ቁጥር ተሰጠን። ካስገባን በስምንተኛው ወር ቤቱ ከቅርስ ዝርዝራችሁ ወጣ። የወጣበት ደብዳቤ ግልባጭ በነዋሪዎቹ በኩል ሲደርሰን ምክንያቱ እንዲህ ይላል፦ «ስለ ቤቱ የተጠናቀረ ሰነድ ባለመኖሩ።» ደብዳቤው የተጻፈበት ክፍልና የእኛ ሉሆች የተቀመጡበት ክፍል በአንድ ኮሪደር ላይ በር ለበር ይተያያሉ። አንዳችሁ ተነሥታችሁ ያን ኮሪደር ብትሻገሩ ኖሮ ይህ ደብዳቤ ባላስፈለገ ነበር።

ቤቱ በሁለት ቀን አለቀ። ከወር በኋላ አንድ ተማሪ ለሌላ ጉዳይ ምናለሽ ተራ ሄዶ፣ በበረንዳው ጠርዝ ዙሪያ እንደ ጥልፍ ተፈልፍለው ከተሰቀሉት ጣውላዎች አንዷን ከማገዶ ክምር ውስጥ አያት። በፕላናችን ላይ ቁጥር ሰጥተናት ስለነበር፣ አንድ ጥርሷም የተሰበረ ስለሆነ፣ ለይቶ አወቃት። ሻጩ 400 ብር ብሎ 250 ብር ተቀበለ። ዛሬ ቢሮዬ የመጽሐፍ መደርደሪያ ላይ ተቀምጣለች። ቅርስ ይዞ መገኘት ሊያስጠይቅ እንደሚችል አላጣነውም፤ ለመረከብ የምትመጡ ከሆነ ደረሰኝ ይዛችሁ ኑ።

ሁለተኛው ቅሬታችን ስለ ታፔላው ነው።

«ይህ ቤት ቅርስ ነው» የሚል ታፔላ በቤታቸው ግድግዳ ላይ ስለ ተሰቀለባቸው ሰዎች ማን ያስባል? የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 የተመዘገበ ቅርስ ያለ ፈቃድ እንዳይጠገን ይከለክላል። ጥሩ ሕግ ነው፤ አለዚያ ሁሉም የፈለገውን ይለስን፣ የፈለገውን ይነቅል ነበር። ነገር ግን ፈቃዱን የሚሰጥ ሰው ሲጠፋ ሕጉ ቤቱን ቀስ ብሎ የሚገድል መርዝ ይሆናል።

በእነዚህ ቤቶች ውስጥ ማን እንደሚኖር ታውቃላችሁ። የሐምሌ 1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤትን የመንግሥት ካደረገ ወዲህ፣ ለአንድ ደጃዝማች የተሠራው ግቢ ለብዙ ቤተሰብ ተከፋፍሏል። አዳራሹ በኮምፔንሳቶ ተሸንሽኖ አራት ቤት ሆኗል፤ እልፍኙ የአንዲት ባልቴት ነው፤ የፈረስ ጋጣው ውስጥ ጫማ ሰፊ አለ። የጌታውን ቤት ለማጥናት ሄደን የተከራዮቹን ቤት ማጥናት የጀመርነው እዚያ ነው። እውነቱን ለመናገር ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይበልጥ አስተምሮናል።

ከእነዚህ ግቢዎች በአንዱ፣ ታፔላ በተሰቀለበት ቤት፣ ሰማንያ ዓመት ያለፋቸው እናት ይኖሩ ነበር። ጣሪያው ማፍሰስ የጀመረው በሰኔ ነው። የጭቃ ቤት ጠላቱ ውሃ ነው፤ ቆርቆሮው ከላይ ከከለከለው፣ የድንጋዩ መሠረት ከታች ካራቀው መቶ ዓመት ይቆማል። ጣሪያው አንዴ ካሾለከ ግን ምርጊቱ ይርሳል፣ ማገሩ ይበሰብሳል፣ ግድግዳው ሆዱን ይነፋል። ይህን አስቀድመን በጽሑፍ አሳውቀናችሁ ነበር። የሚያስፈልገው ስድስት ቆርቆሮና አንድ ኪሎ የቆርቆሮ ምስማር ነበር። የእናትየዋ ልጅ ሊገዛ ተነሣ፤ ወረዳው «ቅርስ ስለሆነ አንነካውም» አለ። ቤቶችን ወደሚያስተዳድረው ክፍል ሄደ፤ «የቅርስ ፈቃድ አምጣ» ተባለ። ወደ እናንተ መጣ፤ «ባለሙያ ይላካል» ተባለ። ሐምሌን በሙሉ እናትየዋ ሦስት ሳፋና አንድ ባልዲ እያቀያየሩ ከረሙ። በላስቲክ እንኳ ለመሸፈን ፈቃድ ያስፈልግ እንደ ሆነ የጠየቁን እኛን ነው። ምን እንደምንመልስላቸው ስናመነታ፣ ቡና እየቀዱልን፣ ሳቅ እያሉ፣ «ልጆቼ፣ እግዚአብሔር ቅርስ ከመሆን ይሰውራችሁ» አሉን።

ነሐሴ ላይ የሰሜኑ ግድግዳ ወደ ውጭ ወደቀ። ደግነቱ ቀን ነበር፤ እርሳቸውም ቤተ ክርስቲያን ነበሩ። ባለሙያው የተላከው ከዚያ በኋላ ነው። ሪፖርቱ ቤቱ «በእርጅና ምክንያት ለአደጋ የተጋለጠ» መሆኑን ይገልጻል። በእርጅና አይደለም። ቀኑን፣ የቆርቆሮውን ቁጥርና የተመላለሱባቸውን ቢሮዎች ጽፈን ይዘናል።

ሦስተኛው ነገር አጭር ነው። ካዛንቺስ የሚለው ስም ራሱ የቤት ፕሮግራም ስም መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም። በጣሊያን ወረራ ዓመታት ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ የነበረው የጣሊያን ተቋም «ኢንቺስ» በሚል ምሕፃር ይጠራ ነበር፤ የእሱ ቤቶች «ካዛ ኢንቺስ»፣ የኢንቺስ ቤት፣ ተባሉ፤ የእኛ ሰው አሳጥሮ ካዛንቺስ አደረገው። ካዛ ፖፖላሬም እንደዚሁ ነው። ካዛንቺስ በከተማችን በአንድ ዓይነት ፕላን በጅምላ ቤት የመሥራት ታሪክ ከሚጀምርባቸው ቦታዎች አንዱ ማለት ነው። በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ሰፈሩ ሲነሣ፣ ከቀሩት ቤቶች አንዱን ሁለት ተማሪዎቻችን መለካት ከጀመሩ ገና አራተኛ ቀናቸው ነበር። ግማሽ የወለል ፕላን አላቸው። ሌላው ግማሽ የለም፤ አይኖርምም። የምናዝነው አስቀድሞ ቢነገረን በሁለት ሳምንት የምንጨርሰው ሥራ ስለነበረ ነው። መንገድ አይስፋ፣ ከተማ አይታደስ ያለ ከመሐላችን የለም። ተማሪዎቻችንም ነገ የሚሠሩት አዲስ ቤት ነው።

ወደ አዲሱ ቤት እንምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ እንድንቆይ ፍቀዱልን።

«የቅርስ ጉዳይ ስለ አሮጌ ቤት ነው፣ ኮንዶሚኒየም ከእኛ ምን አገናኘው?» እንደምትሉ እናውቃለን፤ በቃልም ብላችሁናል። የኮንዶሚኒየም ፕሮግራም በ1990ዎቹ አጋማሽ ቦሌ ገርጂ ላይ ሲሞከር ካሰበባቸው ነገሮች አንዱ የጋራ መገልገያ ሕንፃ ነበር፤ እንጀራ የሚጋገርበት፣ በግ የሚታረድበት፣ ልብስ የሚታጠብበት። ያሰበው ሰው የግቢ ኑሮን ያውቃል፤ አሳቡን እናከብራለን። ነገር ግን በየሳይቱ ስንዞር ከእነዚህ ሕንፃዎች ብዙዎቹ ሱቅ፣ መዋዕለ ሕፃናት፣ የማኅበር ቢሮ ወይም ዕቃ ቤት ሆነው አገኘናቸው። ለምን?

መልሱ እናንተ መደርደሪያ ላይ ባሉት የአሮጌ ግቢ ፕላኖች ውስጥ አለ። ተማሪዎቻችን የለኩት ግድግዳ ብቻ አይደለም፤ ምጣዱ የት እንደሚጣድ፣ በስንት ሰዓት፣ ማን በየት በኩል እንደሚያልፍ ጭምር ሥለዋል። በአሮጌው ግቢ ማድቤቱ ከቤቱ ደጅ ከአምስትና ከስድስት እርምጃ አይርቅም። ጋጋሪዋ ምጣዱ ላይ ሆና ልጇን ታያለች፤ ጎረቤቷን ታናግራለች፤ የመጣውን እንግዳ ትጠራለች። ማድቤቱ የጋራ የሆነው ሰዎቹ ስለሚተዋወቁና በር ላይ ስለሆነ ነው። ከአራተኛ ፎቅ ቡሃቃ ተሸክሞ፣ ስምንት ብሎክ ወደሚጋራው ሕንፃ ወርዶ፣ ልጅን ፎቅ ላይ ጥሎ እንጀራ የሚጋግር ማንም የለም። ስለዚህ ምጣዱ ወደ ቤት ገባ። ከ3 ኪሎ ዋት በላይ የሚስብ ምጣድ በረንዳ ላይ ተጣደ፤ በረንዳው በቆርቆሮና በመስተዋት ተዘጋ፤ እንፋሎቱ ወደ ሳሎን ገባ፤ ኮርኒሱ ጠቆረ። አስተዳደሩ ደግሞ መጥቶ «የሕንፃውን ገጽታ አበላሽታችኋል» ብሎ ማስጠንቀቂያ ለጠፈ።

የኮንዶሚኒየሙን ክፍሎች ስለሚለየው አግሮ ስቶን የተባለ ሰሌዳ፣ መደርደሪያ መሸከም አቅቶት ምስማሩን ስለሚተፋው፣ ነዋሪው ራሱ በቂ ተናግሯል። ስለ ለቅሶ ድንኳን ግን አንድ ነገር እንበል። በጀሞም ሆነ በየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ሰው ሲሞት ድንኳኑ የሚተከለው መኪና ማቆሚያው ላይ ነው። የእድሩ ወንበር በደረጃ ይወርዳል፤ ወጡ በደረጃ ይወርዳል፤ ሬሳው በደረጃ ይወርዳል። የደረጃው መዞሪያ ሬሳ ሣጥን አግድም እንደማያስዞር ለክተናል፤ ሣጥኑን ማቆም ያስፈልጋል። በሕይወት ያሉት ይህን ሲያደርጉ ምን እንደሚሰማቸው የለካነው የለም። በአሮጌው ግቢ በር በኩል ግን ሣጥኑ እንደ ተኛ ይወጣል፤ በሩን ያሠራው ሰው አስቦበት ይሁን አይሁን ባናውቅም።

አሮጌውን ቤት የምንለካው እንግዲህ ለዚህ ነው። ለመቶ ዓመት በኑሮ የተፈተነ ፕላን ስለሆነ ነው። እናንተ «ቅርስ» ብላችሁ ከቆለፋችሁበት፣ የቤት ልማቱ ባለሙያም «አሮጌ» ብሎ ካለፈው፣ መሐል ላይ የሚወድቀው ቡሃቃ ይዛ በደረጃ የምትወርደዋ ሴት ናት።

ስለ ማኅደር ክፍላችሁ ብዙ አንጽፍም። የቀድሞ የግንባታ ፈቃድ ፕላኖችን ለማየት የትብብር ደብዳቤ ይዘው የመጡ ተማሪዎች «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው» ተብለው የመመረቂያ ጊዜያቸው አልፏል። ቤት በሚለኩበት ጊዜ ስልካቸው የተቀማባቸውም አሉ። ከእኛ የተረከባችኋቸውን ፕላኖች ኮፒ እንኳ መልሰን ለማየት ፈቃድ ተጠይቀናል። የገዛ እጃችንን ጽሑፍ!

ማድረግ እንደሚቻል ግን በዓይናችን አይተናል። በ1953 ዓ.ም. የተመረቀው የአርቱሮ ሜዜዲሚ የአፍሪካ አዳራሽ ለዓመታት ተጠግኖ በ2017 ዓ.ም. እንደገና ተከፈተ፤ የአፈወርቅ ተክሌ የመስተዋት ሥዕልም ታድሷል። ገብተን አይተናል፤ ደስ ብሎናል። የሐረር ጁገል በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበችው ለግንቧ ብቻ አይደለም፤ የሐረሪ ቤት ውስጥ መደቡ፣ የግድግዳው ሥራ፣ ማን የት እንደሚቀመጥ የሚናገረው አሠራር ተጠንቶ ስለ ተጻፈ ጭምር ነው። ሰውም እስከ ዛሬ ይኖርበታል። የራስ ብሩ ቤትም የአዲስ አበባ ሙዚየም ስለሆነ፣ በየቀኑ በሩን የሚከፍትና የሚዘጋ ሰው ስላለ ቆሟል። በጥር 2007 ዓ.ም. የጣይቱ ሆቴል እሳት በተነሣበት ቀን ከመሐላችን ብዙዎች የጠየቅነው ጥያቄ ሁለት ነበር፦ «ሰው ተጎዳ?» ቀጥሎ «ልኩ ያለው ማን ነው?»

ስለዚህ የምንጠይቃችሁ የሚከተለውን ነው።

ማንኛውም ቤት ከዝርዝር ከመውጣቱ በፊት በመዝገብ ቤታችሁ ስለ እሱ የገባ ጥናት መኖር አለመኖሩ በስም በተጠቀሰ ባለሙያ ይጣራ፤ ባለሙያውም ይፈርምበት። «ሰነድ የለም» የሚል ደብዳቤ ያለዚህ ፊርማ አይውጣ።

የሚነሣ ሰፈር ሲወሰን ቢያንስ የአንድ ወር ጊዜ ይሰጠንና እንለካ። ክፍያ አልጠየቅንም። የመግቢያ ፈቃድና በሰዓቱ የሚደርስ ወሬ ይበቃናል። ሲፈርስም በሩ፣ መስኮቱ፣ የደረጃው መደገፊያና የተፈለፈለው ጣውላ ለማገዶ ከመሄዱ በፊት የሚሰበሰብበት አንድ መጋዘን ይኑር።

ታፔላ ለተሰቀለባቸው ቤቶች የጣሪያና የውሃ መውረጃ ጥገና እንደ አስቸኳይ ሥራ ይቆጠርና በወረዳ ደረጃ በሰባት ቀን ውስጥ ይፈቀድ። ዝርዝር መመሪያውን ማርቀቅ ካስቸገራችሁ ረቂቁ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዟል፤ ሁለት ገጽ ነው። ዘንድሮ ክረምት ሳይገባ ብታነቡት ደግ ነው።

እስካሁን ያስረከብናቸው ፕላኖች ሁሉ ለተመራማሪ፣ ለተማሪና በተለይም አዲስ መኖሪያ ቤት ለሚነድፉ ባለሙያዎች ክፍት ይደረጉ። አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበርና ቁልፉን የያዘ፣ ከምሳ በኋላ የሚመለስ ሰው ነው የሚያስፈልገው።

በመጨረሻም ግድግዳው ለወደቀባቸው እናት፣ አሁን በልጃቸው ቤት ተጠግተው ላሉት፣ «በእርጅና ምክንያት» የሚለው ሪፖርት ታርሞ በጽሑፍ ይሰጣቸው። ይህን የጠየቁን ራሳቸው ናቸው። ቤታቸውን ያረጀ ሲሉባቸው እርሳቸውን ያሉ ይመስላቸዋል።

መልሳችሁን በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንጠብቃለን። ለዚህኛውም ደብዳቤ የገቢ ቁጥር ተቀብለናል።

ከአክብሮት ጋር፣

የቆዩ ቤቶችን የሚለኩ የሥነ ሕንፃ መምህራንና ተማሪዎች ስብስብ ጸሐፊ
አዲስ አበባ

ግልባጭ፦
— ለመኖሪያ ቤት ነዳፊ ባለሙያዎች
— ታፔላ ለተሰቀለባቸው ቤቶች ነዋሪዎች
— ከኮሪደሩ ማዶ ላለው ክፍል